የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያዎች የገበያ ፉክክር፤ አሸናፊውን የሚለየው ምንድን ነው?

አንድ ዕቃ ገበያ ላይ ወጥቶ ሲሸጥ፣ ሌላው ደግሞ ሳይሸጥ ሲቀር ምክንያቱ ምን እንደሆነ ተማሪዎችን ብንጠይቅ፣ አብዛኛዎቹ «የተሸጠው የተሻለ ስለሆነ ነው» ብለው ይመልሳሉ። መልሱ አጭርና ግልጽ ስለሆነ በደብተር ለመጻፍ ይመቻል። ይሁን እንጂ የንግድና የቴክኒክ ታሪክ በጥሞና ሲመረመር ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከዚህ የተለየ ነው። ብርቱው ማሽን በደካማው ሲሸነፍ፣ ቀድሞ የወጣው ዘግይቶ በመጣው ሲቀደም፣ ትናንት ገበያውን ጠቅልሎ የያዘው ኩባንያ ዛሬ ባዶ እጁን ሲቀር እናያለን።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጉዳዩን ተማሪዎቻችን በቅርብ በሚያውቁት ነገር፣ ይኸውም በቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያዎች ታሪክ አማካይነት መመርመር ነው። በአዲስ አበባም ሆነ በናይሮቢ፣ በየሰፈሩ በተከፈቱት የፕሌይስቴሽን ቤቶች ከትምህርት ሰዓት በኋላ ወጣቶች ተሰብስበው በሒሳብ ሲጫወቱ ማየት የተለመደ ነው። መምህሩ ልማዱን ወደደውም ጠላውም፣ ተማሪውን ከሚያውቀው አስነሥቶ ወደማያውቀው መምራት የሙያው ግዴታ ነው። ስለዚህ «ይህ መሣሪያ ከሌሎቹ ተለይቶ እንዴት እስከ እኛ ሰፈር ደረሰ?» የሚለው ጥያቄ ስለ ታሪክ መንሥኤና ውጤት ለማስተማር ጥሩ መነሻ ይሆናል። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ወፍጮና እህል

በመጀመሪያ የዕቃውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ምጣድ የገዛ ሰው በራሱ ሊጥ ይጋግርበታል። ሬዲዮ የገዛም ሰው ከፍቶ ያዳምጣል። የጨዋታ መሣሪያ ግን ለብቻው ምንም አይሠራም፤ እህል እንደሌለው ወፍጮ ነው። ወፍጮው የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን የሚፈጭ ከሌለ ደጁ ላይ ሰው አይሰለፍም። ለመሣሪያው እህሉ ጨዋታው ነው።

ከዚህ የተነሣ በገበያው ውስጥ ሦስት ወገኖች ይገኛሉ። አንደኛው መሣሪያውን የሚሠራው ኩባንያ፣ ሁለተኛው ጨዋታውን የሚያዘጋጀው ድርጅት፣ ሦስተኛው ደግሞ ገዢው ነው። ገዢው ጨዋታ የሌለውን መሣሪያ አይገዛም። ጨዋታ አዘጋጁም ገዢ ለሌለው መሣሪያ ገንዘቡንና ጊዜውን አያፈስም። ሁለቱ እርስ በርስ ስለሚጠባበቁ ቋጠሮውን መፍታት የሚገባው መሣሪያ ሠሪው ነው። ቋጠሮው ከተፈታለት ጨዋታው ገዢን፣ ገዢው ደግሞ አዲስ ጨዋታን እየሳበ ሽያጩ ራሱን ያሳድጋል። ካልተፈታለት ግን የመሣሪያው ጥራት ብቻውን አያድነውም።

የንግዱም ስሌት ከሌላው ዕቃ የሚለየው በዚሁ ምክንያት ነው። ብዙዎቹ ኩባንያዎች መሣሪያውን በጥቂት ትርፍ፣ አንዳንድ ጊዜም በኪሣራ ይሸጣሉ። ትርፋቸውን የሚያገኙት በኋላ ከሚሸጡት ጨዋታና ሌሎች አዘጋጆች ከሚከፍሏቸው የፈቃድ ክፍያ ነው። ስለሆነም መሣሪያ የሚገዛ ሰው በእውነቱ የሚገዛው የዛሬውን ሣጥን ብቻ አይደለም፤ ነገና ከነገ ወዲያ ጨዋታ እንደሚመጣለት ያለውን ተስፋ ጭምር ነው። ከዚህ በታች የሚተረከው ታሪክ በአመዛኙ የዚህ ተስፋ መገንባትና መፍረስ ታሪክ ነው።

የአታሪ መነሣትና መውደቅ

በቤት ቴሌቪዥን ላይ ተሰክቶ የሚሠራ የመጀመሪያው የንግድ መሣሪያ፣ በ1972 የአሜሪካው ማግናቮክስ ኩባንያ ለገበያ ያቀረበው ኦዲሲ ነው። ሐሳቡን ያመነጨው በወጣትነቱ ከናዚ ጀርመን ከቤተሰቡ ጋር ተሰዶ አሜሪካ የገባው መሐንዲስ ራልፍ ቤር ነበር። ኦዲሲ ድምፅ አልነበረውም፤ ቀለም ለማሳየትም በቴሌቪዥኑ መስተዋት ላይ የሚለጠፍ ሥዕል ያለበት ፕላስቲክ ያስፈልገው ነበር። በዚያው ዓመት ኖላን ቡሽኔልና ቴድ ዳብኒ ያቋቋሙት አታሪ የተባለው ኩባንያ ሳንቲም እየተከተተበት የሚሠራውን ፖንግ የተባለ ጨዋታ አወጣ።

በ1976 ፌርቻይልድ የተባለው ኩባንያ ቻናል ኤፍ የሚባል መሣሪያ ይዞ ብቅ አለ። ጥቁር አሜሪካዊው መሐንዲስ ጄሪ ላውሰን በመራው ሥራ፣ ጨዋታው ከመሣሪያው ተለይቶ በሚሰካና በሚነቀል ካርትሪጅ ውስጥ እንዲቀመጥ ተደረገ። ካርትሪጅ የምንለው በብዙ ቦታ ካሴት እየተባለ የሚጠራውን የታሸገ ጨዋታ ነው። ከዚህ ወዲህ አንድ መሣሪያ የገዛ ሰው ብዙ ጨዋታ መለዋወጥ ቻለ። ሆኖም ቀድሞ የወጣው ቻናል ኤፍ ገበያውን አልያዘም። ገበያውን የያዘው ከአንድ ዓመት በኋላ በ1977 በ199 ዶላር የወጣው የአታሪ መሣሪያ ነበር።

የአታሪን ሽያጭ ከፍ ያደረገው ምን እንደሆነ መመልከት ያስፈልጋል። የጃፓኑ ታይቶ ኩባንያ በ1978 ያወጣው ስፔስ ኢንቬደርስ የተባለ ጨዋታ በየመዝናኛ ቤቱ ሕዝቡን አስክሮት ነበር። አታሪ ፈቃድ ገዝቶ ይህንኑ ጨዋታ በ1980 ለቤት መሣሪያው አቀረበ። መሣሪያው የሦስት ዓመት ዕድሜ ያለው አሮጌ ዕቃ ቢሆንም ሽያጩ በአንድ ጊዜ ተስፈነጠረ፤ ሰዎች ጨዋታውን ፈልገው መሣሪያውን ገዙ። ይህ በታሪኩ ውስጥ ደጋግሞ የሚታይ ነገር ስለሆነ ሊዘነጋ አይገባም።

ወዲያው ግን ሌላ ችግር ተፈጠረ። በ1979 ስማቸው በጨዋታው ላይ ባለመጻፉና ከትርፉ ተገቢውን ድርሻ ባለማግኘታቸው ያዘኑ የአታሪ ባለሙያዎች ወጥተው አክቲቪዥን የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። ለአታሪ መሣሪያ ራሳቸውን ችለው ጨዋታ ማዘጋጀት ጀመሩ። አታሪ ከሰሳቸው፤ ነገሩ በስምምነት ካለቀ በኋላ ግን በሩ ለሁሉም ተከፈተ። ጥሩም መጥፎም ጨዋታ ገበያውን አጥለቀለቀው። አታሪም ራሱ ለ1982 የገና ገበያ ለማድረስ ሲል ኢ.ቲ. በተባለው ፊልም ላይ የተመሠረተ ጨዋታ በአምስት ሳምንት ገደማ ብቻ እንዲሠራ አስደረገ። ጨዋታው ገዢውን አሳዘነ፤ ብዙ ቅጂ ሳይሸጥ ቀረ። በ1983 ያልተሸጡ ካርትሪጆች በኒው ሜክሲኮ አላሞጎርዶ ከተማ አጠገብ ተቀበሩ፤ በ2014 ተቆፍረው ሲወጡም ታይተዋል።

በአሜሪካ የቤት ቪዲዮ ጨዋታ ገበያ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከነበረበት ደረጃ በ1985 ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደወረደ ይገመታል። በእርግጥ በዚያን ጊዜ ዋጋቸው እየወረደ የሄደ የቤት ኮምፒውተሮችም ተፎካካሪ ሆነው ነበር። ነገር ግን የአታሪ መሣሪያ በ1983 ከ1980 ይልቅ አልደከመም። የተበላሸው ማሽኑ ሳይሆን እምነቱ ነው። ገዢው «ቀጥሎ የምገዛው ጨዋታ ገንዘቤን ይበላኛል» ብሎ ማሰብ ሲጀምር ወፍጮው ቆመ።

ኒንቴንዶና የእምነት ጥገና

በጃፓን ኪዮቶ ከተማ በ1889 የመጫወቻ ካርታ ለመሥራት የተቋቋመው ኒንቴንዶ፣ በሐምሌ 1983 ፋሚኮም የተባለውን መሣሪያ በሀገሩ ገበያ አወጣ። ወደ አሜሪካ ለመግባት ሲሞክር ግን ነጋዴዎቹ «የቪዲዮ ጨዋታ» የሚለውን ቃል መስማት እንኳ አልፈለጉም፤ ሱቃቸው በአሮጌ ካርትሪጅ ተሞልቶ ከስረዋልና።

ኒንቴንዶ ያደረገው ነገር ለትምህርት የሚሆን ነው። አንደኛ፣ የመሣሪያውን መልክ ለውጦ የቪዲዮ ማጫወቻ አስመሰለው። አብሮትም አንድ ትንሽ ሮቦት በመሸጥ አሻንጉሊት መስሎ እንዲቀርብ አደረገ። ሁለተኛ፣ በ1985 መጸው በኒው ዮርክ ሙከራ ሲጀምር ያልተሸጠውን ዕቃ መልሶ እንደሚወስድ ለባለሱቆቹ ቃል ገባ። ሦስተኛ፣ ፈቃድ የሌለው ጨዋታ እንዳይሠራ የሚከለክል ቁልፍ በመሣሪያው ውስጥ አስገባ። ከውጭ የሚመጡ አዘጋጆች በዓመት ከ5 የማይበልጥ ጨዋታ ብቻ እንዲያወጡ ወሰነ፤ በካርትሪጁም ላይ የጥራት ማኅተም አሳተመ።

ለባለሱቁ የኪሣራ ሥጋቱን፣ ለገዢው የመታለል ሥጋቱን ከቀነሰ በኋላ፣ በሺገሩ ሚያሞቶ የተዘጋጀው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ የተባለ ጨዋታ መጣ። መሣሪያው በመላው ዓለም ወደ 62 ሚሊዮን ያህል ተሸጠ። ይሁን እንጂ ገዢውን ያስደሰተው ጥብቅ ደንብ ጨዋታ አዘጋጆቹን አስከፍቷቸው ነበር። የቅሬታው ውጤት ከአሥር ዓመት በኋላ እንዴት እንደተመለሰ ወደፊት እናያለን።

ደካማው ጌም ቦይ ብርቱዎቹን ሲያሸንፍ

«ብርቱ ማሽን ያሸንፋል» የሚለውን አስተሳሰብ ከምንም በላይ የሚያፈርሰው የጌም ቦይ ታሪክ ነው። ይህን በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ኒንቴንዶ ያወጣው በ1989 ሲሆን ሥራውን የመራው ጉንፔ ዮኮይ ነበር። ዮኮይ በኩባንያው የተቀጠረው የፋብሪካ ማሽኖችን ለመጠገን ነው። የሚያምንበትም መርሕ አዲስና ውድ ቴክኒክ ከማሳደድ ይልቅ የታወቀውንና የረከሰውን ቴክኒክ ባልታሰበ መንገድ መጠቀም ነበር።

በዚህ መርሕ የተሠራው ጌም ቦይ ቀለም የለውም፤ መስተዋቱ አረንጓዴ የሚመስል ደብዛዛ ነው፤ በጨለማም አይታይም። በዚያው ዓመት አታሪ ያወጣው ሊንክስና ሴጋ በ1990 በጃፓን ያቀረበው ጌም ጊር ግን ባለቀለምና ከውስጥ የሚበሩ ነበሩ። በወረቀት ላይ ቢመዘኑ ጌም ቦይን ያስንቃሉ። ነገር ግን ሁለቱም 6 የባትሪ ድንጋይ እየበሉ ከጥቂት ሰዓት በላይ አይሠሩም ነበር። ጌም ቦይ በ4 ድንጋይ ከ10 ሰዓት በላይ ይቆያል። በአሜሪካ ሲወጣ ዋጋው 90 ዶላር ገደማ ሲሆን የሊንክስ ግን 180 ዶላር ገደማ ነበር። ለልጁ የባትሪ ድንጋይ የሚገዛው ወላጅ መሆኑን ስናስብ፣ ልዩነቱ ከቀለም የበለጠ ክብደት እንደነበረው እንረዳለን።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ኒንቴንዶ በአሜሪካ ከመሣሪያው ጋር ቴትሪስ የተባለውን ጨዋታ አብሮ ሸጠ። ቴትሪስ በ1984 በሞስኮ፣ በሶቪየት የሳይንስ አካዳሚ የኮምፒውተር ማዕከል ይሠራ በነበረው አሌክሲ ፓጂትኖቭ የተፈጠረ ነው። ጨዋታው ቀለም አይፈልግም፤ ቋንቋም አይጠይቅም። ሕፃንም አዋቂም በአንድ ደቂቃ ይረዳዋል።

በ1996 በጃፓን የወጣው ፖኬሞን ደግሞ ሌላ ነገር ጨመረ። ጨዋታው በሁለት ዓይነት ስለቀረበና አንዱ ብቻውን ሁሉንም እንስሳት ስለማይዝ፣ ልጆች መሣሪያዎቻቸውን በገመድ እያገናኙ መለዋወጥ ነበረባቸው። በዚህም መንገድ አንድ ልጅ ጓደኛው እንዲገዛ ይወተውታል፤ ገዢው ራሱ ሻጭ ሆነ ማለት ነው። ጌም ቦይና ባለቀለም ተከታዩ በድምሩ ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጡ።

ሴጋ ያፈሰሰው፣ ሶኒ የለቀመው

ሴጋ በ1989 በአሜሪካ ያወጣው ጄኔሲስ በመጀመሪያ ኒንቴንዶን ሊነቀንቀው አልቻለም። በ1990 የአሜሪካውን ክፍል መምራት የጀመረው ቶም ካሊንስኪ ዋጋውን ወደ 149 ዶላር አውርዶ፣ ሶኒክ የተባለውን ፈጣን ጨዋታ በ1991 ከመሣሪያው ጋር አብሮ ሰጠ። የኒንቴንዶ አዲስ መሣሪያ በዚያው ዓመት በ199 ዶላር ሲመጣ ሴጋ አስቀድሞ ቦታ ይዞ ስለነበር በአሜሪካ ገበያ ብርቱ ትግል ተደረገ።

ሆኖም ሴጋ ያገኘውን እምነት መጠበቅ አልቻለም። በ1992 ሴጋ ሲዲ፣ በ1994 ደግሞ 32ኤክስ የተባሉ ተቀጥላዎችን በተከታታይ ሸጠ። ብዙም ሳይቆይ ሁለቱንም ትቶ ሳተርን ወደተባለው አዲስ መሣሪያ ዞረ። ተቀጥላውን የገዛ ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ ገንዘቡ ዋጋ አጣበት። በግንቦት 1995 በሎስ አንጀለስ በተደረገው ትልቅ የንግድ ትርዒት ላይ ሴጋ በመስከረም ይወጣል የተባለው ሳተርን «ከዛሬ ጀምሮ» በተመረጡ ሱቆች በ399 ዶላር እንደሚሸጥ በድንገት አስታወቀ። ያልተመረጡት ባለሱቆች ተቆጡ፤ ጨዋታ አዘጋጆቹም ሥራቸውን አልጨረሱም ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ ነው። በዚያው ትርዒት የሶኒ ተወካይ መድረክ ላይ ወጥቶ የፕሌይስቴሽንን ዋጋ ብቻ፣ 299 ብሎ ተናግሮ ወረደ።

ሶኒ ወደዚህ ንግድ የገባበትም መንገድ አስገራሚ ነው። በመጀመሪያ ከኒንቴንዶ ጋር በሲዲ የሚሠራ መሣሪያ አብሮ ለመሥራት ተዋውሎ ነበር። በ1991 ሶኒ ውጥኑን በአደባባይ ባስታወቀ ማግስት ኒንቴንዶ ከፊሊፕስ ጋር እንደሚሠራ ገለጸ። ኬን ኩታራጊ የተባለው የሶኒ መሐንዲስ ሥራውን ገፍቶበት ፕሌይስቴሽን በታኅሣሥ 1994 በጃፓን ወጣ።

በ1996 የወጣው ኒንቴንዶ 64 በብዙ መለኪያ ከፕሌይስቴሽን የበረታ ማሽን ነበር። ጨዋታዎቹ ግን አሁንም በካርትሪጅ ነበሩ። ካርትሪጅ ለማሠራት ውድ ነው፤ አስቀድሞ ማዘዝና መጠበቅን ይጠይቃል። ያልተሸጠው ኪሣራ በአዘጋጁ ላይ ይወድቃል። ሲዲ ግን ርካሽ ነው፤ በፍጥነት ይታተማል፤ ብዙ ሥዕልና ድምፅም ይይዛል። በኒንቴንዶ ጥብቅ ደንብ ለዓመታት ያኮረፉት አዘጋጆች ወደ ሶኒ ጎረፉ። ከእነዚህ አንዱ ስኩዌር የተባለው የጃፓን ድርጅት ሲሆን፣ በ1997 ያወጣው ፋይናል ፋንታሲ 7 ሦስት ሲዲ የሚሞላ ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው በዚህ ገበያም ታየ። ፕሌይስቴሽን ከ102 ሚሊዮን በላይ፣ ኒንቴንዶ 64 ወደ 33 ሚሊዮን፣ ሳተርን ግን 9 ሚሊዮን ገደማ ተሸጡ።

ርካሽ ዋጋም ብቻውን አይበቃም

እስካሁን ያየነው አንባቢውን «እንግዲህ ዋናው ርካሽ ዋጋ ነው» ወደሚል ሐሳብ ሊወስደው ይችላል። ይህም ስሕተት መሆኑን የሴጋ የመጨረሻ መሣሪያ ድሪምካስት ያሳያል። በ1999 በአሜሪካ በ199 ዶላር ሲወጣ የተመሰገኑ ጨዋታዎች ነበሩት፤ በስልክ መስመር ከኢንተርኔት የሚገናኝበት ዕቃም ተገጥሞለት ነበር። ሆኖም በሳተርን የተጎዱት ገዢዎችና አዘጋጆች በሙሉ ልብ አልተከተሉትም። የስፖርት ጨዋታዎችን በማዘጋጀት የታወቀው ኤሌክትሮኒክ አርትስ ለመሣሪያው ጨዋታ አልሠራም። ብዙ ሰውም ሶኒ የሚያወጣውን ፕሌይስቴሽን 2 ለመጠበቅ መረጠ። ሴጋ በ2001 የድሪምካስትን ምርት አቁሞ ከመሣሪያ ሥራ ወጣ።

ፕሌይስቴሽን 2 በ2000 ሲወጣ በአሜሪካ ዋጋው 299 ዶላር ነበር። ከድሪምካስት በ100 ዶላር ይበልጣል ማለት ነው። ነገር ግን የቀድሞውን ፕሌይስቴሽን ጨዋታዎች ይቀበላል፤ ዲቪዲ ፊልምም ያሳያል። ስለሆነም ገዢው አዲስ ጨዋታ እስኪመጣ ድረስ ዕቃው ሥራ አይፈታበትም። ሶኒ ይህን መሣሪያ ከ160 ሚሊዮን በላይ መሸጡን አስታውቋል።

በእኛም አካባቢ የፕሌይስቴሽን ቤቶች ይህንኑ ያረጋግጣሉ። አንድ መሣሪያ ብዙ ወጣቶችን ስለሚያገለግል፣ የተጫዋቹ ብዛት ከተሸጠው መሣሪያ ብዛት እጅግ ይበልጣል። ወደዚያ የሚገባ ወጣት ስለ ማሽኑ የማስላት ኃይል አይጠይቅም። የሚጠይቀው የትኛው የእግር ኳስ ጨዋታ እንዳለ፣ የተጫዋቾቹ ዝርዝር የዘንድሮው መሆኑን፣ ጆይስቲኩ ደኅና መሆኑንና የሚገጥመው ጓደኛ መኖሩን ነው።

ድል የማይወረስ መሆኑ

በ2006 ኒንቴንዶ ዊ የተባለውን መሣሪያ በ250 ዶላር ገደማ አወጣ። የሶኒ ፕሌይስቴሽን 3 እንደ ዓይነቱ 499ና 599 ዶላር ነበር። ዊ በኃይል ረገድ ከተፎካካሪዎቹ በጣም ያንሳል፤ ነገር ግን እጅን በማወዛወዝ ቴኒስና ቦውሊንግ የሚያጫውተው ጨዋታ በብዙ ሀገሮች አብሮት ተሸጠ። ጆይስቲክ ጨብጠው የማያውቁ አያቶች ሳይቀሩ ተጫወቱበት። ከ101 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ።

በ2012 የተተካው ዊ ዩ ግን 13 ሚሊዮን ተኩል ገደማ ብቻ ተሸጦ ቀረ። ስሙ ለቀድሞው መሣሪያ ተቀጥላ አስመሰለው። ከውጭ የሚመጡ ጨዋታዎችም እያነሱ ሄዱ። ያው ኩባንያ በ2017 በቤትም በመንገድም የሚሠራውን ስዊች ሲያወጣ ደግሞ ከ150 ሚሊዮን በላይ ሸጠ። እንግዲህ የኩባንያው ስም ለማሸነፍም ለመሸነፍም ዋስትና አለመሆኑ ግልጽ ነው።

የማይክሮሶፍት ጉዳይም ይህንኑ ያጠናክራል። በ2013 ኤክስቦክስ ዋን የተባለው መሣሪያው ሲተዋወቅ፣ በየጊዜው ከኢንተርኔት ጋር መገናኘት እንዳለበትና አንዴ የተገዛ ጨዋታን ለሌላ ማስተላለፍ እንደሚገደብ ተነገረ። ገዢው «የገዛሁት ዕቃ የኔ አይደለምን?» ብሎ ተቃወመ። ኩባንያው መሣሪያው ሳይወጣ ደንቡን ቢሰርዝም፣ ዋጋው 499 ዶላር ሲሆን የፕሌይስቴሽን 4 ግን 399 ስለነበር የጠፋውን እምነት በቀላሉ መመለስ አልቻለም።

ለክፍል ውስጥ ትምህርት

ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? ኃይል፣ ዋጋ፣ ጊዜና ማስታወቂያ እያንዳንዳቸው ድርሻ አላቸው። ነገር ግን ሁሉም የሚሠሩት በአንድ በር አልፈው ነው። ይኸውም ገዢውና ጨዋታ አዘጋጁ «ይህ ዕቃ ነገም አብሮኝ ይኖራል» ብለው ማመናቸው ነው። አታሪ ይህን እምነት አባከነ። ኒንቴንዶ ጠገነው፤ ነገር ግን የአዘጋጆቹን ቸል አለ። ሴጋ ደጋግሞ አፈረሰው። ሶኒ የሁለቱንም ወገን እምነት ሰበሰበ።

መምህሩ ሁለት ነገር ሊጠነቀቅ ይገባዋል። አንደኛ፣ ተማሪው ለአንድ ውጤት አንድ መንሥኤ ብቻ እንዲሸመድድ ማድረግ የለበትም። ዋና ምክንያትንና አጋዥ ምክንያትን ለይቶ እንዲያስረዳ ይለማመድ። ሁለተኛ፣ አሸናፊው ከታወቀ በኋላ ድሉ አስቀድሞ የተወሰነ መስሎ ይታያል። በ1985 በኒው ዮርክ ለነበረው ባለሱቅ ግን ምንም የተወሰነ ነገር አልነበረም። ታሪክን ማስተማር ማለት ይህን ያለመታወቅ ሁኔታ መልሶ ማሳየት ጭምር ነው።

ጉዳዩ ከጨዋታም ያልፋል። ትምህርት ቤቶች ኮምፒውተርና የቤተ ሙከራ ዕቃ ሲገዙ ወይም በዕርዳታ ሲቀበሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው የማሽኑ ዓይነትና ብዛት ነው። በላዩ የሚሠራው ትምህርት ማን ያዘጋጀዋል? በተማሪው ቋንቋ ነወይ? ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? መምህሩስ ሠልጥኖበታል? እነዚህ ጥያቄዎች ካልተመለሱ ብርቱው ማሽን ከሣጥኑ ሳይወጣ ይከርማል። መሣሪያ የሚቆጥር ሰው ብዙ ነው፤ እህሉን አስቀድሞ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። የጨዋታ ነጋዴዎች በብዙ ሚሊዮን ዶላር ኪሣራ የተማሩትን እኛ በነጻ ልንማረው እንችላለን።

ለውይይት የሚከተሉትን ጥያቄዎች ለተማሪዎች ማቅረብ ይቻላል።

1. ጌም ቦይ ከሊንክስ ደካማ ሆኖ ሳለ ያሸነፈባቸውን ምክንያቶች ዘርዝሩ። ከእነዚህ ዋና የምትሉት የትኛውን ነው? ለምን?

2. ድሪምካስት ርካሽ፣ ፕሌይስቴሽን 2 ውድ ነበር። ታዲያ ርካሹ ለምን ተሸነፈ?

3. የኒንቴንዶ ጥብቅ ደንብ በ1985 ጠቀመው፣ በ1996 ግን ጎዳው። አንድ ተግባር በሁለት ዘመን ሁለት የተለያየ ውጤት ሊያስከትል የሚችለው እንዴት ነው?

4. በሰፈራችሁ ወይም በትምህርት ቤታችሁ ተገዝቶ ሥራ ላይ ያልዋለ መሣሪያ ካለ ምን እንደጎደለው ጠይቃችሁ አጥኑ፤ ያገኛችሁትንም በክፍል አቅርቡ።